ነጻ ኢንተርኔትና ውድ ስልክ፤ በሆቴሎች የዋጋ አሠራር ላይ የቀረበ ትችት

በዛሬው ጊዜ በአንድ ሆቴል የሚያድር እንግዳ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያገኛል። አንደኛው በትንሽ ካርድ ላይ የታተመ የኢንተርኔት መክፈቻ ቃል ነው፤ ከሥሩም «በነጻ» የሚል ተጽፎበታል። ሁለተኛው በአልጋው ራስጌ የተቀመጠው ስልክ ነው፤ የዚህ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ቢጻፍም ከውጭ ካለው ዋጋ እጅግ የበለጠ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም የሰውን ቃል ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሱ መሣሪያዎች ናቸው። እንዲያውም በብዙ ሆቴሎች ዛሬ የሚገቡት በአንድ መሥመር ነው። ታዲያ አንዱ ስጦታ፣ ሌላው ቅጣት የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመርመር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የምንሰማው በሁለት የተከፈለ አስተያየት ነው። አንደኛው ወገን «ኢንተርኔቱ በነጻ መሰጠቱ ሆቴሎች ለእንግዳ ቸር እየሆኑ መሄዳቸውን ያሳያል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ስልኩ መወደዱ የሆቴል ባለቤቶችን ስግብግብነት ያሳያል» ይላል። እኛ ሁለቱንም አስተያየቶች አንቀበልም። ቸርነትና ስግብግብነት የሰው ጠባይ ናቸው፤ አንድ ባለሆቴል በአንዱ ሽቦ ቸር፣ በሌላው ስግብግብ ሊሆን አይችልም። ለሁለቱም ዋጋዎች አንድ ምክንያት መኖር አለበት። እኛ ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ ሆቴሉ እንግዳው አስቀድሞ ጠይቆ ከሌላው ጋር ለሚያወዳድረው ነገር ዋጋ ይቀንሳል፤ ሳያወዳድር ገብቶ ሲቸግረው ለሚጠቀምበት ነገር ግን ዋጋ ይጨምራል።

አብዛኛውን ማስረጃ ያገኘነው ከአሜሪካ ነው። ይህንንም ያደረግነው የእዚያ አገር ሆቴሎች ከሌሎቹ የከፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ በእዚያ አገር ነገሩ እስከ ፍርድ ቤትና እስከ መንግሥት ኮሚሽን ደርሶ በጽሑፍ የቀረ ስለ ሆነ ነው። በመጨረሻም ወደ አገራችን እንመለሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን

ከመካከላችን አንዱ ለተማሪዎች ስብሰባ ወደ ውጭ አገር ተጉዞ ነበር። ያደረበትን ሆቴል ስም መጥቀስ አያስፈልግም። በሁለተኛው ሌሊት ወንድሙ «እናታችን ታመዋል፤ ድምፅህን መስማት ይፈልጋሉ» የሚል መልእክት በኢንተርኔት ላከለት። እናቱ የሚኖሩት በወሎ ገጠር ሲሆን፣ የያዙት ስልክ ከድምፅ በቀር ሌላ ነገር የማይቀበል ተራ ስልክ ነው። ወንድሙ መልእክቱን የላከው ከከተማ ነበር። ከኢንተርኔት ወደ ተራ ስልክ የሚያሻግረው አገልግሎት አስቀድሞ በባንክ ካርድ የሚከፈልበት ስለ ሆነ ጓደኛችን ሊጠቀምበት አልቻለም፤ የራሱም ሞባይል ከአገር ውጭ አይሠራም። ስለዚህ የክፍሉን ስልክ አንሥቶ ደወለ። ሁለት ጊዜ ሳይነሣ ቀረ። በሦስተኛው ተገኙና ለጥቂት ደቂቃ ተነጋገሩ።

በማግሥቱ ሂሳቡን ሲጠይቅ የስልኩ ዋጋ ከአንድ ሌሊት የአልጋ ዋጋ በልጦ አገኘው፤ ያልተነሡትም ሁለት ጥሪዎች ተቆጥረው ነበር። ቅሬታውን ለእንግዳ ተቀባዩ ሲገልጽለት፣ ሰውየው በትሕትና «ኢንተርኔቱ እኮ ነጻ ነበር፤ ለምን በእርሱ አልደወሉም?» ሲል መለሰለት። ይህ መልስ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ነጻው አገልግሎት የሚጠቅመው በወዲያኛው ጫፍ ያለውም ሰው ኢንተርኔት ሲኖረው ብቻ መሆኑን የሚዘነጋ መልስ ነው። ጓደኛችን የከፈለው ለእናቱ ድህነት ጭምር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

2. የስልኩ ታሪክ

ስልክ ወደ ሆቴል ክፍል ሲገባ በመጀመሪያ የምቾት ምልክት ነበር። ኤልስዎርዝ ስታትለር የተባለው አሜሪካዊ ባለሆቴል በ1908 በቡፋሎ ከተማ በከፈተው ሆቴል ለእያንዳንዱ ክፍል መታጠቢያና ስልክ አግብቶ ክፍሉን በአንድ ዶላር ተኩል ማከራየቱ ስመ ጥር አድርጎታል። ነገር ግን ስልኩ ብዙም ሳይቆይ ራሱን የቻለ የገቢ ምንጭ ሆነ። የጥሪው መንገድ ሁሉ በሆቴሉ ማዞሪያ በኩል የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ባለሆቴሉ በስልክ ኩባንያው ዋጋ ላይ የራሱን ጭማሪ ለማስከፈል ምቹ ቦታ አገኘ።

ይህ ጭማሪ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በ1945 እስከ አሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። ክርክሩ የተነሣው በዋሽንግተን ከተማ ባሉ ሆቴሎች ነው። የስልክ ኩባንያው ለመንግሥት ኮሚሽን ባስመዘገበው ታሪፍ ውስጥ፣ ሆቴሎች ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በሚደረግ የሩቅ ጥሪ ላይ የራሳቸውን ጭማሪ እንዳያደርጉ የሚከለክል ሁኔታ ገብቶ ነበር። ሆቴሎቹ ይህን ሳይቀበሉ ቀሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክልከላውን አጸና። ከዚያ በኋላ ሆቴሎቹ ከእንግዳው በቀጥታ ሳይሆን ከስልክ ኩባንያው በሚያገኙት ኮሚሽን መተዳደር ጀመሩ።

ይህ ሥርዓት እስከ 1981 ድረስ ቆየ። በእዚያ ዓመት የመገናኛ ኮሚሽኑ ሆቴሎች የሩቅ ጥሪን ገዝተው በራሳቸው ዋጋ እንዲሸጡ ፈቀደ። በ1984 ደግሞ ታላቁ የስልክ ኩባንያ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ሲከፋፈል በርካታ አዳዲስ ኩባንያዎች ተነሡ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ለሆቴሉ የበለጠ ኮሚሽን በመክፈል ይወዳደሩ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ውድድር ዋጋን ያወርዳል እየተባለ ዘወትር ይነገራል። ነገር ግን በዚህ ገበያ ኩባንያውን የሚመርጠው ባለሆቴሉ ሲሆን የሚከፍለው እንግዳው ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ የተወዳደሩት መራጩን ለማስደሰት ነው፤ ከፋዩም ውድድሩ በበረታ መጠን የበለጠ ከፈለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ባወጣው ሕግ፣ ሆቴሎች ጥሪውን የሚያስተላልፈውን ኩባንያ ስም በስልኩ ላይ ወይም በአጠገቡ እንዲለጥፉ፣ እንግዳውም የመረጠውን ኩባንያ በመግቢያ ቁጥር እንዳያገኝ መሥመር እንዳይዘጉበት አዘዘ። ሕጉ የወጣው አስቀድሞ ይዘጉ ስለ ነበር ነው።

ያልተነሣ ጥሪ ስለሚቆጠርበትም ምክንያት ጥቂት ቃል እንጨምር። ብዙዎቹ የሆቴል ማዞሪያዎች በወዲያኛው በኩል ስልኩ መነሣቱን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ስለዚህ የተወሰነ ሰከንድ ካለፈ ጥሪው እንደ ተነሣ አድርገው ይመዘግባሉ። ይህ የመሣሪያው ጉድለት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጉድለቱን ዋጋ እንዲሸከም የተደረገው የመሣሪያው ባለቤት ሳይሆን እንግዳው ነበር።

3. የኢንተርኔቱ ታሪክ

ኢንተርኔት ወደ ሆቴል የገባው በስልኩ መንገድ ነው ለማለት ይቻላል። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአሜሪካ ትልልቅ ሆቴሎች ለአንድ ቀን ኢንተርኔት ወደ 10 ዶላር ማስከፈል የተለመደ ነበር። የሚያስገርመው ግን በየአውራ ጎዳናው ያሉ ርካሽ ማደሪያዎች ይህንኑ አገልግሎት በነጻ ይሰጡ የነበረ መሆኑ ነው። ለአልጋው ሁለትና ሦስት እጥፍ የከፈለ እንግዳ ለኢንተርኔት እንደ ገና ሲከፍል፣ ጥቂት የከፈለው በነጻ ይጠቀም ነበር።

ይህን የተገለበጠ ነገር ቸርነት በሚለው ቃል ልንፈታው አንችልም። መልሱ የሚገኘው ከፋዩ ማን እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው። በትልቁ ሆቴል የሚያድረው ነጋዴ ወይም የመሥሪያ ቤት ሰው ሂሳቡን ለመሥሪያ ቤቱ ያስተላልፋል፤ ስለ 10 ዶላር አይከራከርም። በርካሹ ማደሪያ የሚያድረው ግን ከኪሱ የሚከፍል ስለ ሆነ ከመግባቱ በፊት «ኢንተርኔት አላችሁ ወይ? በስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂ ባለበት ዋጋው ወረደ፤ ጠያቂ በሌለበት ዋጋው ቆመ።

ኋላ ግን ትልልቆቹም ተለወጡ። በጥር 2015 ማሪዮት ለአባሎቹ፣ በየካቲት 2015 ደግሞ ሃያት ለእንግዶቹ ሁሉ ኢንተርኔትን በነጻ መስጠት ጀመሩ። ይህ የሆነው ልባቸው ስለ ተለወጠ አይመስለንም። ማሪዮት ነጻነቱን የሰጠው በራሱ በኩል ክፍል ለያዙ አባሎች ነው፤ ይኸውም እንግዳውን ከሌሎች የማስያዣ ድርጅቶች ለመሳብ ነው። በዚህ ጊዜ ተጓዡ በማስያዣው ሰሌዳ ላይ «ነጻ ዋይፋይ» የሚለውን ምልክት እያየ ሆቴል መምረጥ ጀምሮ ነበር። ለስልክ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልነበረም።

4. የሊቃውንት ሐሳብና የእኛ አስተያየት

ይህን አሠራር የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት መርምረውታል። ግሌን ኤሊሰን በ2005፣ ዣቪዬ ጋቤና ዴቪድ ሌይብሰን ደግሞ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ዋናው ዕቃ በርካሽ ታውጆ ተጨማሪው ዕቃ በውድ የሚሸጥበትን ገበያ ተመልክተዋል። የኋለኞቹ ሁለቱ ያሳዩት ነገር በተለይ ይጠቅመናል። አንድ ሆቴል ተነሥቶ «የሌሎቹ ስልክ ውድ ነው፤ ተጠንቀቁ» ብሎ ቢያውጅ ምን ይጠቀማል? ምክሩን የሰማው እንግዳ የግድ ወደ መካሪው ሆቴል አይመጣም፤ በርካሹ አልጋ ተኝቶ ስልኩን ሳይነካ ይወጣል። ስለዚህ ለማስተማር የሚወጣው ወጭ ለአስተማሪው አይመለስለትም። ውድድር ብቻውን የተሸሸገን ዋጋ የማያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የሆቴል ጠበቆች በበኩላቸው ሦስት መከራከሪያ ያቀርባሉ።

ሀ) «ማዞሪያውና ሽቦው ገንዘብ ወጥቶባቸዋል» ይላሉ። እውነት ነው። ዛሬ ደዋዩ ጥቂት ስለ ሆነ ወጭው ለጥቂቶች መከፋፈሉም እውነት ነው። ነገር ግን ሊፍቱም ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ሆኖም እንግዳው በወጣ በወረደ ቁጥር ሂሳብ አይቆጠርበትም። የሊፍቱ ወጭ በአልጋው ዋጋ ውስጥ ገብቷል። የሆቴሎች የሂሳብ ደንብ ራሱ ይህን አምኗል። በ1926 መጀመሪያ የታተመው የአሜሪካ ሆቴሎች የሂሳብ አያያዝ ደንብ በ2014 ለ11ኛ ጊዜ ሲታረም፣ የስልክ ክፍል ራሱን የቻለ የገቢ ክፍል መሆኑ ቀርቶ፣ ስልኩ ከሌሎቹ የመረጃ መሣሪያዎች ጋር ከጠቅላላ ወጭ እንዲቆጠር ተደርጓል። ሂሳብ ሠሪዎቹ ስልክን ከንግድ መደብ ካወጡት፣ በክፍሉ ውስጥ እንደ ንግድ የሚቀጥልበት ምክንያት አይታየንም።

ለ) «እንግዳው ካልፈለገ አይደውል» ይላሉ። ይህ መከራከሪያ ምርጫ ላለው ሰው ይሠራል። ምርጫ የሌለው ሰው ግን ከዚህ ቃል አንዳች አያተርፍም።

ሐ) «ሞባይል ስላለ ነገሩ አሮጌ ጉዳይ ሆኗል» ይላሉ። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ተጠቃሚው ብዙ በነበረ ጊዜ የሚጮኸውም ብዙ ነበር። ዛሬ በክፍሉ ስልክ የሚደውለው ሽማግሌው፣ ስደተኛው፣ ሞባይሉ የጠፋበት ወይም ባትሪው ያለቀበት፣ በድንገት የታመመው ሰው ነው። ጥቂት መሆናቸው ጉዳቱን የሚሸሽግ ነው እንጂ የሚያስቀር አይደለም።

5. ሁለት ፈተናዎች

ያቀረብነው ሐሳብ እውነት ከሆነ፣ እንግዳው የራሱን ምርጫ ይዞ ሲመጣ ሆቴሉ ምርጫውን ለማጥፋት ይሞክራል ብለን መጠበቅ አለብን። ይህ በእርግጥ ደርሷል። በናሽቪል ከተማ በሚገኝ በማሪዮት ይተዳደር በነበረ ትልቅ የስብሰባ ሆቴል፣ እንግዶች ከሞባይላቸው የሚያወጡት የራሳቸው የዋይፋይ መሥመር እንዲቋረጥ ይደረግ ነበር። በዚያው ቦታ ሆቴሉ ለኢንተርኔት ከአንድ መሣሪያ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። የመገናኛ ኮሚሽኑ ጉዳዩን መርምሮ በጥቅምት 2014 ማሪዮት 600,000 ዶላር እንዲከፍል አደረገ፤ በጥር 2015ም እንዲህ ያለ ማቋረጥ ሕገ ወጥ መሆኑን ለሁሉም አስታወቀ። እንግዲህ ለተኛው እንግዳ «ነጻ» እየተባለ ሊሰጥ የተዘጋጀው ያው ኢንተርኔት፣ አማራጭ በተነፈገው ነጋዴ ዘንድ ከወርቅ የከበረ ነበር። በሁለቱ መካከል የተለወጠው የከፋዩ አቅመ ቢስነት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከገንዘብ ይልቅ የከበደ ነው። በታኅሣሥ 2013 በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በአንድ ማደሪያ ውስጥ አንዲት ሴት በክፍሏ ጥቃት ሲደርስባት፣ የ9 ዓመት ልጇ ከክፍሉ ስልክ የድረሱልኝ ቁጥር የሆነውን 911ን አራት ጊዜ ደወለች። ጥሪው አልወጣም፤ ምክንያቱም ከሆቴሉ ወደ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ 9 ቁጥርን መጨመር ያስፈልግ ነበር። ሕፃኗ የታዘዘችውን አድርጋ ነበር፤ እናቲቱ ግን ሞተች። በሟቿ ስም የተጠራው ሕግ በ2018 ጸድቆ፣ ከየካቲት 2020 ጀምሮ የሚተከሉ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ስልኮች ያለ ተጨማሪ ቁጥር በቀጥታ ለእርዳታ ማስደወል እንዲችሉ አዘዘ። ይህን ታሪክ ያመጣነው ዋጋ ገደላት ለማለት አይደለም። በአልጋ ራስጌ ያለ ስልክ እንደ ሸቀጥ ብቻ የሚታይ ሳይሆን፣ እንደ እሳት ማጥፊያው ሁሉ የአደራ መሣሪያ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

6. «ነጻ» የሚለው ቃል

በሌላ በኩል «ነጻ» የተባለውንም ቃል ሳንመረምር ማለፍ አይገባንም። በአሜሪካ አንዳንድ ሆቴሎች ከአልጋው ዋጋ ሌላ የግዴታ ክፍያ ይጨምራሉ። ይህ ክፍያ ምን እንደሚያጠቃልል ሲዘረዝሩም «ኢንተርኔትና የአካባቢ ስልክ ጥሪ» የሚል አብሮ ይገኛል። እንግዲህ በግዴታ የተከፈለበት ነገር በምን ሚዛን ነጻ ይባላል? የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በኅዳር 2012 ለ22 የሆቴል ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር። ከግንቦት 12 ቀን 2025 ጀምሮ በጸናው ደንብም ሆቴሎች የግዴታውን ክፍያ ሁሉ ያካተተ ጠቅላላ ዋጋ በመጀመሪያ እንዲያሳዩ ታዘዋል። ደንቡ ክፍያውን አልከለከለም፤ እንዲገለጽ ብቻ አዘዘ። አባቶቻችን መጥኖ መደቆስ ይሻላል ያሉት ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነውና፣ የዋጋ ማስታወቂያም ጥቅሙ ከመግባት በፊት ነው።

7. በአገራችን

በኢትዮጵያ ስልክ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ኢንተርኔት የገባው በ1997 ነው። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተለየ መልክ የያዘው የስልክ መሥመር ለረጅም ጊዜ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ስለ ነበረ ነው። በ2004 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ቁጥር 761 የስልክ ጥሪን አገልግሎት በኢንተርኔት አማካይነት መስጠትን ወንጀል አድርጎ ደነገገ። ነጻውን መንገድ ከልክሎ ውዱን መንገድ መጠበቅ የባለሆቴል ብቻ ሐሳብ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ብቸኛ መሥመር የያዘ ሁሉ እንዲሁ ያስባል። ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2022 ነው።

በከተማችን በጎበኘናቸው ጥቂት ሆቴሎች በራፍ ላይ «ነጻ ዋይፋይ» የሚል ጽሑፍ በደማቅ ቀለም ተጽፎ አይተናል። የስልክ ዋጋ በክፍሉ ውስጥ ተለጥፎ ያየነው ግን በአንዱም አይደለም። የእኛ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይ ነው እየተባለ እንመሰገናለን። በቤታችን እንግዳ ቡና ጠጥቶ ሲነሣ የስኒውን ሂሳብ አንጠይቀውም። ሆቴል ቤት አለመሆኑን እናውቃለን፤ ዋጋ መጠየቁም ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው እንግዳ ብሎ ተቀብሎ፣ ሳይነግሩ ማስከፈል ነው።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተሉትን አሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ጥሪ ዋጋ በስልኩ ላይ በግልጽ ይለጠፍ፤ ያልተነሣ ጥሪም አይቆጠር። ሁለተኛ፣ ሆቴሉ የስልክ ድርጅቱን ዋጋ ያስከፍል፤ የማዞሪያውን ወጭ እንደ ሊፍቱ በአልጋው ዋጋ ያጠቃልል። ሦስተኛ፣ የግዴታ ክፍያ ያለበት ነገር «ነጻ» ተብሎ አይጠራ። አራተኛ፣ የእርዳታ ጥሪ ከማንኛውም ክፍል በቀጥታና ያለ ዋጋ ይውጣ።

እነዚህ አሳቦች የሆቴልን ሥራ የሚጎዱ አይመስሉንም። ስልኩ ዛሬ የሚያስገባው ገቢ ጥቂት መሆኑን ጠበቆቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ጥቂት ከሆነ ለመተው አይከብድም። ጓደኛችን ወደ አገሩ ሲመለስ እናቱ በሕይወት ነበሩ። የስልኩን ዋጋ ግን እስከ ዛሬ አልነገራቸውም፤ ቢሰሙ «ለእኔ ብለህ ይህን ያህል?» ብለው ያዝናሉ ብሎ ይፈራል። በትንታኔያችን ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመን ደስ ይለናል፤ የተሻለ ማስረጃ ያለውም በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ እንጋብዛለን።